ያለንን ይዘን እንነሳ
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በሰላም መጣችሁ!

ዘንድሮ ስለ ገንዘብ ላናግራችሁ ነው። ጌም ሠሪዎች በተገናኘን ቁጥር አንድ ወሬ አይቀርም፦ "ትልልቆቹ ኩባንያዎች ሥራቸው ክፍል ሁለትና ክፍል ሦስት ብቻ ሆነ፤ ሐሳብ አልቆባቸዋል።" እኔ አልስማማም። ክፍል ሁለት መሥራት ብልህነት ነው። የሚያከስራቸው፣ ክፍል ሁለትንም ከዜሮ መጀመራቸው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ፍርድ ቤት የቀረበ የሶኒ ሰነድ፣ ቁጥሮቹ በደንብ ሳይሸፈኑ ወጥቶ ነበር። «ሆራይዘን ፎርቢደን ዌስት» የተባለው የሶኒ ጌም 5 ዓመትና 212 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል። ልብ በሉ፣ ይሄ ተከታይ ክፍል ነው! እንዲህ ያለ ገንዘብ በአብዛኛው የሚሄደው ለደመወዝ ነው። ሰው ሲበዛና ጊዜው ሲረዝም ወጪው ይቆለላል።

እስቲ እናስላው። አንድ ስቱዲዮ 200 ሚሊዮን ዶላር አውጥቶ ጌሙን በ70 ዶላር ሸጠ እንበል። መሸጫው መደብር 30 በመቶውን ሲቆርጥ 49 ዶላር ይቀረዋል። ያወጣውን ለመመለስ ብቻ ከ4 ሚሊዮን ቅጂ በላይ መሸጥ አለበት። ማስታወቂያውን ገና አልነካነውም። በዚህ ሒሳብ ያልተሞከረ ነገር ለመሞከር ማን ይደፍራል?

የጃፓኑ ጌም ሠሪ ኒንቴንዶ ግን እ.ኤ.አ. በ1998 «ኦካሪና ኦፍ ታይም» የተባለውን ጌም አውጥቶ፣ በ2000 «ማጆራስ ማስክ»ን አስከተለ። በመጀመሪያው ጌም ውስጥ ያሉትን ሰዎች መልካቸውን እንዳለ ወሰደ። ለብዙዎቹ ሌላ ስም፣ ሌላ ኑሮ፣ ሌላ ጭንቀት ሰጣቸው። በአዲሱ ጌም ጨረቃ አንዲት ከተማ ላይ ልትወድቅ ሦስት ቀን ቀርቷል፤ ተጫዋቹ ሦስቱን ቀን ደጋግሞ ይኖራቸዋል። በድሮ ዕቃ እንዲህ ያለ ደፋር ጌም ተሠራ። ሴጋ የተባለው ሌላው የጃፓን ኩባንያ የሚያወጣው «ያኩዛ» የተባለ ተከታታይ ጌምም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ካሙሮቾ በምትባል አንዲት ምናባዊ የቶኪዮ ሰፈር ስንት ታሪክ አወጣ! መንገዱ ያው፣ ታሪኩ አዲስ።

እኛ ጋ አብዛኛው ቡድን ሦስት አራት ሰው ነው፤ ቀን ሌላ ሥራ፣ ማታ ጌም። ስንቱ ጥሩ ኮድ፣ ስንቱ የተለፋበት አኒሜሽን አንዴ ወጥቶ ተረሳ! ያሳዝነኛል። ስለዚህ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ፦ አባላት ፈቅደው የሚሰጡትን ኮድ፣ ድምፅና ሥዕል የምናስቀምጥበት የጋራ ማኅደር እንክፈት። ባለቤትነቱና ክፍያው እንዴት ይሁን የሚለውን ከሰዓት በኋላ ተወያዩበት፤ የሕግ ባለሙያም ጋብዘናል።

ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን በደስታ አበስራለሁ።