ቲን ጢም ያበቅላል

እንደምን አላችሁ ባልደረቦቼ። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም፣ በቀጥታ ልግባ።

ድሮ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ዕቃ የምንበይድበት ሶልደር፣ ማለትም ቀልጦ የሚያጣብቀው ቅይጥ፣ 63 በመቶ ቲን የተባለው ብረት፣ 37 በመቶ እርሳስ ነበር። በ183 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ደግሞም ለስላሳ ነው፣ ቦርዱ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ አብሮ ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2006 እርሳስን ከኤሌክትሮኒክስ ዕቃ የሚያስወጣው የአውሮፓ ኅብረት ክልከላ ሥራ ላይ ዋለ። እርሳስ መርዝ ነው፣ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል፤ ስለዚህ ክልከላውን አልቃወምም። ጠፈርና ጦር መሣሪያን አይመለከትም ሲባል ደግሞ በዚያ መስክ የምንሠራው እኛ እፎይ አልን።

እፎይታው አልቆየም። ፓርት፣ ማለትም ቦርዱ ላይ የሚበየዱትን ቺፕና ኮኔክተር የመሳሰሉ ዕቃዎች የሚሠሩ ፋብሪካዎች ዋና ገበያቸው ስልክና ቴሌቪዥን ነው፤ ለእኛ ለጥቂቶቹ ብለው ሌላ መስመር አይዘረጉም። የፓርቱን እግር በንጹሕ ቲን መለበጥ ጀመሩ፣ አንዳንዶቹም የፓርቱን መለያ ቁጥር እንኳ ሳይቀይሩ። ሕጉ አይነካችሁም የተባልነው ሰዎች ሳናውቀው ከእርሳስ ነፃ ሆነን ቁጭ አልን!

ንጹሕ ቲን ደግሞ ጢም፣ ማለትም ቀጭን የብረት ክር ያበቅላል፤ ክሩም ሁለት እግሮችን አገናኝቶ ሾርት ያደርጋል። በልባጡ ውስጥ የታመቀው ውጥረት ገፍቶ ያወጣዋል። ውፍረቱ ጥቂት ማይክሮን ነው፣ ከራስ ፀጉር በብዙ ይቀጥናል፣ ርዝመቱ ግን ሚሊሜትሮች ሊደርስ ይችላል። ኤሌክትሪክ አይፈልግም፤ መጋዘን ውስጥ ተቀምጦም ያድጋል። ትንሽ እርሳስ ሲገባበት እንደሚገታ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል።

በ1986 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በልብ ምት መሣሪያ ላይ ስለታየው ጢም ጽፏል። በ1998 ጋላክሲ 4 የተባለው ሳተላይት ጠፍቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ፔጀሮች (የድሮ የኪስ መልእክት መቀበያዎች) ዝም ሲሉ ምክንያቱ ጢም ነው ተባለ። በ2005 ሚልስቶን የኒውክሌር ጣቢያ አንድ ካርድ ላይ በበቀለ ጢም የተነሳ በራሱ ጊዜ ቆመ። ልብ በሉ፣ ይህ ሁሉ ከክልከላው በፊት ነው፣ ንጹሕ ቲን እዚህም እዚያም ብቻ በነበረበት ዘመን። ዛሬ የትም ነው።

አንድ ቦርድ ነበረኝ፣ ተበላሸ ተብሎ መጣ። ፈተንኩት፣ ይሠራል፣ መለስኩት። እንደገና መጣ። በሦስተኛው ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባሁት፣ መብራቱ ከላይ ሲሆን ምንም የለም። መብራቱን ወደ ጎን ሳጋድለው ግን ከኮኔክተሩ እግር ላይ አንዲት ክር ብልጭ አለች። እፍ ስላት ተወዛወዘች። ለካ ሾርት ባደረገች ቁጥር ጫፏ ተቃጥሎ ይጠፋል፣ እኔም ጋ ሲደርስ ቦርዱ ጤነኛ ነው። ያን ቀን ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ስንቱን «ችግር የለበትም» ብዬ ፈርሜ ልኬ ይሆን?

ሶልደሩም የራሱ ጣጣ አለው። ቲን፣ ብርና መዳብ ያለበት አዲሱ ቅይጥ መቅለጥ የሚጀምረው በ217 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥሩ በእግር ፈንታ እርሳስ የሌለበት የሶልደር ኳስ ያለውን ቺፕ በድሮው ሙቀት ከበየዳችሁት ኳሱ በደንብ አይቀልጥም፤ ሲያዩት ያማረ፣ ሲንቀጠቀጥ የሚሰነጠቅ መጋጠሚያ ይሆናል።

እንግዲህ የምለምናችሁ ይህን ነው። ዕቃ ሲገባ እግሩን በኤክስሬይ መለኪያ እዩት፣ ቢያንስ 3 በመቶ እርሳስ ይኑረው። ከሌለው እግሩን እርሳስ ባለው የቀለጠ ሶልደር ንከሩት። መከላከያ ቅብ ይረዳል፣ ግን ስስ ከሆነ ጢሙ ይበሳዋል፤ በእሱ ብቻ አትተማመኑ። የግዢ ሰዎችም እዚህ ካላችሁ፣ ትዕዛዙ ላይ «ንጹሕ ቲን አንቀበልም» ብላችሁ ጻፉ፣ የሻጩ ወረቀት ንጹሕ ቲን የለበትም ቢልም እንኳ ፓርቱ ሳይለካ ወደ መደርደሪያ አይግባ።

አመሰግናለሁ።