ማርሚታ መላወሻ ይፈልጋል

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ።

በገዛ እጃችን ስለምንሠራው አውሮፕላን ማርሚታ፣ ማለትም የሞተሩን ድምፅ ስለሚያለዝበው የጭስ ማውጫ ክፍል፣ ተናገር ስባል መጀመሪያ ሳቄ ነው የመጣው። ስለ ክንፍ፣ ስለ ሞተር፣ ስለ መጀመሪያው በረራ የሚያወራ ሞልቷል። ማርሚታ ግን የመጨረሻው ወር ሥራ ነው። አውሮፕላኑ ቀለም ተቀብቶ ያብረቀርቃል፤ ገንዘቡ አልቋል፤ ባለቤቱ ለመብረር ቸኩሏል። «እሷን ቶሎ እንሰራትና እንውጣ» ይባላል። እኔም እንደዚያው ብዬ ነበር።

በመጀመሪያው አውሮፕላኔ ላይ ማርሚታውን ያሰርኩት በሁለት ጠንካራ የብረት ክንዶች ነው። አንዱ ጫፋቸው ማርሚታው ላይ፣ ሌላው ጫፋቸው ሞተሩንና ካቢኑን በሚለየው የእሳት መከላከያ ግድግዳ ላይ። በእጄ ይዤ ስነቀንቀው ፍንክች የለም። ኮራሁ። ጓደኛዬን ጠርቼ «እስቲ አንተም ሞክረው» አልኩት። ሞከረው፤ ፍንክች የለም። «ግሩም አድርገህ ነው ያሰርከው» አለኝ።

በ11ኛው የበረራ ሰዓት ኮፈኑን ከፈትኩ። ከሲሊንደሩ የሚወጣው ቱቦ ላይ፣ ልክ ብየዳው የሚያልቅበት ቦታ፣ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ነበረች። ዙሪያዋን አመድ የመሰለ ነጣ ያለ ብናኝ ይዟታል። የሰነጠቀው ደግሞ ያ «ግሩም» የተባለው አስተሳሰሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተራችሁ የተቀመጠው ንቅጥቅጡን በሚውጡ የጎማ ትራሶች ላይ ነው። ስታጠፉት አይታችሁት ታውቃላችሁ? ፕሮፔለሩ ሊቆም ሲል ሞተሩ እንደተቆጣ በሬ ራሱን ግራና ቀኝ ይወረውራል። ግድግዳው ግን ንቅንቅ አይልም። አንዱን ጫፍ ከሚወራጨው፣ ሌላውን ከማይነቃነቀው ጋር ካሰራችሁ፣ መሀል ላይ ያለው ቱቦ ነው ዕዳውን የሚከፍለው።

በዚህ ላይ ሙቀቱ አለ። የሚወጣው ጋዝ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ የስቴንለስ ቱቦ ወደ 700 ዲግሪ ሲግል ርዝመቱ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጨምራል። 7 ሚሊ ሜትር ማለት የአንድ እርሳስ ውፍረት ያህል ነው። ይህ ብረት የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። መሄጃ ካልሰጣችሁት ራሱ ይፈጥራል፤ እኔ ላይ የፈጠረውን ነግሬያችኋለሁ።

ስለዚህ ማርሚታው የሚሰቀለው ሞተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ሲወራጭ አብሮት ይወራጫል፤ ጠብ የለም። የግድ ከአውሮፕላኑ አካል መደገፍ ካለበት ደግሞ መሀል ላይ የሚላወስ መገጣጠሚያ ያስፈልገዋል። እኔ የምወደው ኳስና ጽዋ ያለውን ነው። አንዱ ቱቦ ጫፉ እንደ ኳስ ክብ ነው፣ ሌላው እንደ ጽዋ ይቀበለዋል፣ ሁለቱን ሞላዎች ጎትተው ያቆራኟቸዋል። ስትገጥሙት ሙቀት የሚችለውን የመዳብ ቅባት ኳሱ ላይ ቀቡት፤ ደርቆ ከተጣበቀ መገጣጠሚያነቱ ቀረ።

ሞላዎቹን አትናቋቸው። ይንቀጠቀጣሉ፣ መንጠቋቸው ይበላል፣ አንድ ቀን ይበጠሳሉ። በእያንዳንዱ ሞላ ውስጥ ማሰሪያ ሽቦ አሳልፉና ላላ አድርጋችሁ ቋጥሩት። ቢበጠስም የትም አይሄድም። ፕሮፔለሩ ከኋላ ለሆነ አውሮፕላን ይህ ቀልድ አይደለም፤ የተበጠሰች ሞላ ቀጥታ የምትሄደው ወደ ፕሮፔለሩ ነው። ሙቀት የሚችል ሲሊኮን በሞላው ላይ በመስመር መቀባትም ንቅጥቅጡን ያበርዳል።

ስለ ዳዶም አንድ ነገር ልበል። ውስጡ የናይለን ቀለበት ያለው ዳዶ ለሌላ ቦታ ሸጋ ነው። እዚህ ግን ናይለኑ ይቀልጥና ተራ ዳዶ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ ይላላል። ሙሉ በሙሉ ብረት የሆነውን ተጠቀሙ። ከመጀመሪያው ሙቀት በኋላ ደግሞ፣ ሞተሩ ሲበርድ፣ የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካው በቶርክ መፍቻ መልሳችሁ እዩት። በመገጣጠሚያው መሀል የሚገባው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ሲግል ይተኛል፣ ዳዶውም ላላ ይላል።

ቱቦውን ስትለኩ ምን ይዛችሁ ነው የምታሰምሩት? እርሳስ ከሆነ አስቀምጡት። የእርሳሱ ካርቦን ብረቱ ሲግል ወደ ውስጥ ይገባል፤ ያሰመራችሁበት ቦታ ይደርቅና በዚያው መስመር ይሰነጠቃል። ዚንክ የተቀባ መሣሪያም እንዲሁ ብረቱን ይበክለዋል። ጠመኔ ይበቃል። ይህን የነገረኝ አንድ በያጅ ነው። ሲነግረኝ አላመንኩትም ነበር፤ በኋላ የጥገና መመሪያ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ተጽፎ አገኘሁት።

ቱቦውን በሙቀት መከላከያ ጨርቅ የሚጠቀልሉም አሉ። እኔ አልወደውም። ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ብረቱን የባሰ ያግለዋል፣ እርጥበት ይይዛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ስንጥቁን ይሸፍንባችኋል። የነዳጅ ቱቦና ሽቦ ቅርብ ከሆነ መሀል ላይ አየር የሚያልፍበት ክፍተት ትታችሁ የላሜራ ጋሻ አቁሙ።

አሁን ወደሚያስፈራኝ ነገር ልምጣ። ብዙዎቻችን ማርሚታውን በላሜራ እናለብሰውና በመሀሉ አየር አሳልፈን ካቢን እናሞቅበታለን። ብልህ ዘዴ ነው። ግን አስቡት፤ በጭሱና በሳንባችሁ መካከል ያለው አንድ ስስ ብረት ብቻ ነው። ያ ብረት ቢሰነጠቅ ልብሱ ስላለበት አታዩትም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለው፣ ቀለም የለው። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይያያዛል። ራስ ምታት ይጀምራችኋል፣ «ዛሬ ደከመኝ» ትላላችሁ፣ ቀጥሎ ማሰብ ያቅታችኋል። ማሰብ ሲያቅታችሁ ደግሞ ማሰብ እንዳቃታችሁ አታውቁም። ስለዚህ ልብሱ በቀላሉ የሚወልቅ ይሁን። ስምንት ብሎን መፍታት የሚጠይቅ ከሆነ ማንም አይፈታውም፤ ራሴን ስለማውቅ ነው። ድምፅ የሚያሰማ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚም ካቢን ውስጥ ይኑር።

«ድምፁስ?» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ለድምፁ ብለን ነው የገባንበት። ባለ አራት ሲሊንደር፣ ባለ አራት ምት ሞተር በደቂቃ 2,700 ሲዞር በሰከንድ 90 ጊዜ ይተኩሳል። ማርሚታው ይህን ያለዝበዋል። ግን የፕሮፔለሩን ድምፅ አይነካም። የፕሮፔለራችሁ ጫፍ ፍጥነት ለድምፅ ፍጥነት ከተጠጋ ጎረቤቶቻችሁ አሁንም አያመሰግኗችሁም። ጭሱን ማፈኑ ደግሞ ትንሽ ጉልበት ያስከፍላል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ያላችሁ እንዲያውም በራሳችሁ ግምት ምንም አትንኩ፤ እዚያ የቱቦው ርዝመትና ቅርጽ ራሱ የሞተሩ አካል ነው።

ክብደቱንም አስሉ። 3 ኪሎ ማርሚታ ከክብደት ማዕከሉ 1.5 ሜትር ፊት ከሰቀላችሁ፣ ያንን የሚያካክሰው ከማዕከሉ 4.5 ሜትር ኋላ ያለ 1 ኪሎ ነው። አውሮፕላኑን እንደገና ሳትመዝኑ አትነሱ።

ካበቃ በኋላ መፈተሻው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሆኖ፣ የቫኩም ክሊነሩን አየር የሚተፋውን በኩል ወደ ጭስ መውጫው ታስገባላችሁ፣ ዙሪያውን በጨርቅ ትደፍናላችሁ፣ ከዚያ ብየዳውን ሁሉ በሳሙና ውሃ ትቀባላችሁ። ከሚላወሰው መገጣጠሚያ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አትደንግጡ፤ ሲግል ይጠብቃል። ከብየዳ ላይ አረፋ ከወጣ ግን በረራ የለም። ማርሚታውንም መታ መታ አድርጋችሁ አዳምጡ። ውስጡ የሚንኳኳ ነገር ካለ የውስጥ ክፍልፋዩ ተሰብሯል ማለት ነው። ያ ቁራጭ ሄዶ መውጫውን ቢዘጋው ሞተራችሁ አየር ላይ ጉልበት ያጣል።

ያንን የተሰነጠቀ ቱቦ አልጣልኩትም። ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው። ቫኩም ክሊነሩንም ይዤ መጥቻለሁ፣ ሳሙናው ባልዲው ውስጥ አለ። ስንጥቁ የቱ ጋ እንደሆነ አልነግራችሁም። አንድ ሰው ብሩሹን ይያዝልኝ፤ ሌሎቻችሁ ጠጋ በሉ።