ቢጫው ከየት ጀመረ?

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ በርበሬ ቅጠል ነው። ቅጠሉ ቢጫ መሆን ሲጀምር ብዙ ሰው ማዳበሪያ ፍለጋ ይነሣል። እኔ ግን አስቀድሜ የምጠይቀው ቢጫው ከየት እንደ ጀመረ ነው፤ ከታች ካሉት አሮጌ ቅጠሎች ወይስ ከጫፍ ካለው ለጋ?

ናይትሮጅን ያጠረው ተክል ካረጁት ቅጠሎች ወስዶ ለአዲሶቹ ይሰጣል። ስለዚህ የታችኞቹ ቅጠሎች ጅማታቸው ሳይቀር ይገረጣሉ። የማግኒዚየም እጥረትም ከታች ይጀምራል፤ እዚያ ግን ጅማቶቹ አረንጓዴ እንደ ሆኑ ይቆዩና በመካከላቸው ያለው ቢጫ ይሆናል። ብረት የገባበትን ቅጠል በቀላሉ አይለቅም፤ ሲጎድል የሚታወቀው በለጋው ላይ ነው። ደግሞም የአፈሩ ፒኤች (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ከ7 በላይ ከሆነ ብረት በአፈሩ ውስጥ እያለ እንኳ ሥሩ ሊወስደው ይቸገራል። ለበርበሬ ከ6 እስከ 6.8 ያለው ይስማማዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ የካልሲየም ነገር ነው። የፍሬው ጫፍ ሰርጉዶ ሲጠቁር አይታችሁ ይሆናል። ካልሲየም ከሥር ወደ ላይ የሚጓዘው ከውሃ ጋር ነው፤ ውሃው ደግሞ በብዛት የሚሄደው ትነት ወደሚበዛበት ወደ ቅጠሉ ነው። ፍሬው የሚያተነው ጥቂት ስለሆነ የሚደርሰውም ጥቂት ነው። አፈሩ አንድ ጊዜ ደርቆ ሌላ ጊዜ ሲጥለቀለቅ ያቺም ጥቂት ትቋረጣለች። አፈሩ በካልሲየም የበለጸገ ሆኖ ፍሬው ይራባል! ለዚህ ችግር ማግኒዚየም ሰልፌት ጨምሩ የሚለው ምክር በጣም ያሳስበኛል፤ ማግኒዚየም ከካልሲየም ጋር ስለሚሻማ ጉዳቱን ሊያባብሰው ይችላል። ናይትሮጅን ማብዛትም እንዲሁ ነው፤ ቅጠሉ ይንሰራፋና የፍሬውን ድርሻ ይወስዳል።

ስለዚህ እባካችሁ፣ ማዳበሪያ ከመጨመራችሁ በፊት ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ አስገቡ። ውሃ የተኛበት ሥር አየር አጥቶ ምግብ መሳብ ያቅተዋል፤ ቅጠሉም የተራበ ይመስላል።

ካስተካከላችሁ በኋላ ፈጽሞ የገረጣው አሮጌ ቅጠል ይለመልማል ብላችሁ አትጠብቁ። የናይትሮጅን ወይም የማግኒዚየም እጥረት ከነበረ ቢጫው ወደ ላይ መውጣቱን ማቆሙን እዩ፤ የብረት ከነበረ አዲስ የሚወጣውን ቅጠል ተመልከቱ። ጫፉ የጠቆረውን ፍሬ ቀጥፋችሁ አውጡት፤ ውሃው ሳይዛባ ከቀጠለ ቀጥሎ የሚያዘው ፍሬ ጤናማ የመሆን ዕድል አለው።