ድድ ሲደማ ብሩሽ አይቆምም

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ የማወራው ደግሞ ስለ ድድ ነው። አዎ፣ ስለ ድድ።

ብዙዎቻችን ጥርስ ሐኪም ጋ የምንሄደው ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳን ነው። የድድ በሽታ ክፋቱ ግን ብዙ ጊዜ አለማመሙ ነው። ስንቦርሽ ትንሽ ደም እናያለን፣ ተፍተን እንረሳዋለን። ወይ "ቫይታሚን ሲ አንሶኝ ነው" ብለን ብርቱካን እንገዛለን። ብርቱካኑን ብሉት፣ አይጎዳም። ግን አብዛኛውን ጊዜ ድድ የሚደማው ባክቴሪያ የሞላው ስስ ሽፋን በጥርሱና በድዱ መገናኛ ላይ ተለጥፎ ስለሚቆይ ነው። ካልተነሳ ደርቆ ታርታር ይሆናል፤ ያኔ ብሩሽም መፋቂያም አያነቃንቀውም። በሽታው ቀስ እያለ ወደ ታች ይወርድና ጥርሱን የያዘውን አጥንት ይበላዋል፣ እሱ ደግሞ በራሱ ተመልሶ አይበቅልም።

አክስቴ ስኳር አለባት። ድዷ ሲደማ "እስቲ ላሳርፈው" ብላ መቦረሽ ተወች። ስንቱ እንደሷ ያደርጋል መሰላችሁ! የደማው ቦታ እኮ ነው በለስላሳ ብሩሽ፣ ቀስ ተብሎ፣ ይበልጥ መጽዳት ያለበት። ስኳር ያለበት ሰው ድዱ ቶሎ ይታመማል፣ የታመመው ድድ በተራው ስኳሩን አልረጋ ያሰኘዋል። እግሯንና ዓይኗን ሁሌ ያዩላታል፤ አፍሽን ክፈቺ ያላት ግን የለም። ያናድዳል።

መፋቂያ የሚንቁ አሉ፣ እኔ አልንቅም። ጫፏ በደንብ የታኘከች ወይራ ታጸዳለች። ግን ታክሲ እየጠበቅን የምንፍቀው ፊት ለፊት የሚታየውን ብቻ ነው፤ የውስጡ በኩልና መንጋጋው ይረሳል።

"ጥርስ ማሳጠብ ጥርስ ያነቃንቃል" የሚባለውም አለ። ታርታሩ ሲነሳ የሚነቃነቀው ቀድሞውኑ አጥንቱ ያለቀበት ጥርስ ነው። የምታጨሱ ደግሞ፣ ድዴ አይደማም ብላችሁ አትዘናጉ፤ ሲጋራ መድማቱን ይደብቀዋል።

ልጆች ላይ ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው። ኖማ የሚባል በሽታ አለ፣ እኛም አገር አለ። ከድድ ቁስል ይነሳና በቀናት ውስጥ ጉንጭ ሊበላ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ችላ ከተባሉ የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው ገና በ2023 እ.ኤ.አ. ነው። በብዛት የሚይዘው በምግብ እጥረት የተጎዱ፣ ኩፍኝን የመሰለ በሽታ ያደከማቸው ትንንሽ ልጆችን ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ድዱ አብጦ ወይም ቆስሎ አፉ ከሸተተ፣ ነገ አትበሉ፣ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ገና ሲጀምር ከተደረሰበት በአንቲባዮቲክና በጥሩ ምግብ ይቆማል።