ትልቁን ግብ ማን ይሠራዋል?

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ብዙዎቻችሁ ቡድን ትመራላችሁ። የዕቅድ ሰሞን ሲመጣ ደግሞ ሁላችንም ትልቅ ትልቅ ግብ እናስቀምጣለን። ስለዚሁ ጉዳይ ትንሽ ላውራችሁ።

በእኛ አገር ትልቅ ግብ ሲነሳ ብዙ ሰው አየር መንገዳችንን ይጠቅሳል። ይገባዋልም። እኔ ግን ቀድመው የሚመጡብኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። አዎ፣ ደብተራቸውን ይዘው ቤት ለቤት የሚዞሩት እነዚያ ሴቶች።

ነገሩን ከመነሻው እንየው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው። በ2000 የዓለም መሪዎች ኒው ዮርክ ላይ ተሰብስበው የሚሊኒየም ግቦችን ተቀበሉ። ከግቦቹ አንዱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱ ሕፃናትን ቁጥር ከ1990 እስከ 2015 ባለው ጊዜ በሁለት ሦስተኛ መቀነስ ነበር። በ1990 እኛ አገር በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 204ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። ከአምስት አንድ ማለት ነው። ሐኪሙ ጥቂት ነው። ያለውም ከተማ ነው፤ ሕዝቡ ደግሞ ገጠር።

እዚህ ላይ የአገራችን መሪዎች ውሳኔ ይገርመኛል። ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ አላሉም። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከዚያው ከአካባቢያቸው ተመለመሉ። አንድ ዓመት ሠልጥነው ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሁለት ሆነው ተመደቡ። ደሞዝ ተቆረጠላቸው። ይህን ቀላል ነገር አታድርጉት፤ በብዙ አገር እንዲህ ያለው ሥራ በበጎ ፈቃደኛ ነበር የሚሠራው። ሥራቸውም በ16 ፓኬጅ ተዘርዝሮ ተሰጣቸው፤ ክትባት፣ ወባ፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ መጸዳጃ ቤት፣ ንጹሕ ውሃ እያለ ይቀጥላል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 አለፈ።

የእኛን ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እናቴ ቤት ስትመጣ አይቻታለሁ። ገብታ አትቀመጥም። መጀመሪያ ወደ ጓሮ ትዞርና መጸዳጃውን ታያለች። ክዳኑ አለ? መንገዱ ሣር አብቅሏል ወይስ ተረግጧል? ሣር ከበቀለበት ሰው እየተጠቀመበት አይደለም ማለት ነው። ከዚያ በሩ አጠገብ የተሰቀለችውን የእጅ መታጠቢያ ጄሪካን ታነሳለች። «እማማ፣ ውሃ የለውምኮ!» ትላለች። እናቴ ደግሞ «አሁን ነው ያለቀው፣ ልጄ፣ ግቢ ቡና ደርሷል» ትላታለች። እሷ ግን ጄሪካኑ ሳይሞላ ቡናው ጋ አትደርስም። በመጨረሻ የሕፃኑን የክትባት ካርድ ትጠይቃለች።

እስቲ አስቡት። ኒው ዮርክ ላይ የጸደቀ ግብ የእናቴ በር ላይ ጄሪካን መሙላት ሆነ። ለእኔ የመሪነት ሥራ ማለት ይህ ነው። ግቡን መናገር ለማንም አያቅትም። ከባዱ፣ ያንን ግብ ነገ ጠዋት አንዲት ሴት ወጥታ ወደምትሠራው ሥራ መለወጥ ነው። እኔም ከቡድኔ ጋር ዕቅድ ስንይዝ ቁጥሩን ጽፈን አንነሳም። «ሰኞ ጠዋት ማን ምን ይሠራል?» የሚለው ካልተመለሰ ስብሰባው አላለቀም።

ሁለተኛው ነገር ሥልጣን ነው። መጀመሪያ ላይ እነዚህ ሴቶች የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ወደ ጤና ጣቢያ ከመላክ በቀር ማከም አልተፈቀደላቸውም ነበር። የሳንባ ምች ደግሞ ከዋነኞቹ የሕፃናት ገዳዮች አንዱ ነው። በእግር ስንት ሰዓት የሚያስኬድ መንገድ ያለበት ቀበሌ «ውሰጂው» ማለት ምን ይጠቅማል? በ2010 ገደማ ፖሊሲው ተቀየረና አንቲባዮቲኩን እዚያው ጤና ኬላ ላይ እንዲሰጡ ተፈቀደ። ቁጥሩን ከሰው የሚጠብቅ መሪ መድኃኒቱንም፣ ፈቃዱንም አብሮ መስጠት አለበት። ባዶ እጁን ሰድዶ ውጤት መጠየቅ ግፍ ነው።

ውጤቱስ? በ2012 ከ1,000 የሚሞቱት ሕፃናት 68 ደረሱ። ግቡ ከቀነ ገደቡ ሦስት ዓመት ቀድሞ ተመታ። ይህ ሁሉ የኤክስቴንሽን ብቻ ነው አልልም፤ ኑሮውም፣ መንገዱም፣ አዳዲስ ክትባቶቹም አሉበት። ግን ክትባቱን እስከ መጨረሻዋ ቤት ያደረሱት እነሱ ናቸው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በዚያው ዘመን የእናቶች ሞትም ግብ ነበረው። እሱ አልተሳካም። በ2005 በተደረገው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከ100,000 ወሊድ 673 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2011 ቁጥሩ 676 ሆኖ ተገኘ። ያ ሁሉ ተሠርቶ ንቅንቅ አላለም! በ2016 ወደ 412 ወርዷል፤ ግቡ ግን 267 ነበር።

ያው መሪዎች፣ ያው ታታሪ ሴቶች ናቸው። ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? ደም እየፈሰሳት ያለችን ወላድ ጤና ኬላ አያድናትም። አምቡላንስ ያስፈልጋታል፣ አዋላጅ ነርስ፣ ደም፣ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሰው ያስፈልጋታል። ግቡ የሚፈልገው ሥራ ከእነዚያ ሴቶች እጅ ውጪ ነበር።

ያም ሆኖ ያ 676 መደበቅ አልተደረገበትም፤ ታትሞ ወጣ። ጥናቱ ከበታች የተላከ ሪፖርት ደምሮ አይደለም የሚሠራው፤ ቤት ለቤት ሄዶ ሴቶችን ነው የሚጠይቀው። ስንት መሥሪያ ቤት ነው «ዕቅዳችንን ከመቶ በላይ አሳክተናል» የሚለው? መጥፎ ቁጥር ያመጣ ሠራተኛ የሚገሰጽበት ቤት ውስጥ ትክክለኛ ቁጥር መቼም አይመጣም። ወዳጆቼ፣ ቡድናችሁ ውስጥ ከራሳችሁ ሪፖርት ውጪ እውነቱን የሚነግራችሁ ነገር ይኑራችሁ።

ከዚያ በኋላ ነው እናቶችን «ለመውለድ ወደ ጤና ተቋም ለምን አትመጡም?» ብሎ መጠየቅ የበረታው። ምላሻቸው ግልጽ ነበር። አልጋው ይቀዘቅዛል፣ «ማርያም ማርያም» የሚል ጎረቤት የለም፣ ገንፎ የለም። እናም ብዙ ጤና ጣቢያዎች ገንፎ ማገንፋት፣ ቡና ማፍላት ጀመሩ። ሩቅ ላሉት የወላዶች ማቆያ ተሠራ፤ ለወረዳዎች አምቡላንስ ተሰጠ። በ2005 በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ነበሩ። በ2011 10፣ በ2016 26፣ በ2019 48 ሆኑ። ገንፎው ብቻውን አላመጣቸውም። ግን መሪ ዝቅ ብሎ ሲሰማ እንዲህ ያለ መላ ያገኛል።

የጨቅላዎቹ ነገር ግን አሁንም ያመኛል። በተወለዱ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱት በ2016 ከ1,000 29 ነበሩ፤ በ2019 33። ለእነዚህ ሕፃናት አዲስ ግብ የሚያስቀምጥ ሰው ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ምጥ ለያዛት እናት ስልክ የሚያነሳው ማን እንደሆነ፣ አምቡላንሱ ነዳጅ እንዳለው፣ ጤና ጣቢያው ውስጥ ትንፋሽ ያጠረውን ሕፃን የሚረዳ ባለሙያ ተረኛ መሆኑን ከዕቅዱ ጋር አብሮ ይጻፍልን።

ሳምንት እንገናኝ። ደህና ሁኑ።