መጀመሪያ አሮጌዋን ንዱ

(ኮምቦልቻ ላይ የእሽቅድምድም ሲሙሌተር ለወጣቶች ሲከፈት የተደረገ ንግግር ሙሉ ቃል)

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ።

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ከደሴ የመጣችሁ ሾፌሮችና መካኒኮች፣ የኮምቦልቻ ወጣቶች፣ ውድ ተማሪዎቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከኋላዬ የምታዩት፣ የእሽቅድምድም መኪናን በኮምፒውተር አስመስሎ የሚያስነዳው ዕቃ፣ ሲሙሌተር ይባላል። ፍሬሙን ልጆቻችን እዚሁ ከቱቦላሬ በይደው ሠርተውታል፤ ወንበሩ ከተፈታ ሚኒባስ የወጣ ነው። ከውጭ የመጡት መሪው፣ ፔዳሎቹና ኮምፒውተሩ ናቸው። ስክሪኑ ሲበራ ያዩ ወላጆች «ይሄማ ጌም ነው፤ ልጆቻችንን ከትምህርት ሊያዘናጋብን ነው» ብለው እንደሰጉ ሰምቻለሁ። የወላጅ ስጋት ነውና ይገባኛል። እኔ የምለው ግን ጌም ሆኖ መቅረቱም ሆነ ትምህርት መሆኑ በአነዳዱ ይወሰናል ነው። ስለዚህ አንድ ነገር አጥብቄ እጠይቃለሁ፦ እዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሁሉ መጀመሪያ የ1967ቷን መኪና ይንዳ፤ የዓለም ከፍተኛው የመኪና እሽቅድምድም የሆነውን የፎርሙላ ዋንን የዘመኑን መኪና ከዚያ በኋላ ይደርስበታል። የምጠራቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጆች ቅር እንደሚላችሁ አውቃለሁ። በየስልካችሁ የምታዩት የዛሬዎቹን ሻምፒዮኖች ነው፤ የምትመኙትም የእነሱን መኪና ነው። ቢሆንም ምክንያቴን ስሙኝ።

አሮጌዋ መኪና ሎተስ 49 ትባላለች። በ1967 ኔዘርላንድ ውስጥ ዛንድቮርት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር ቀረበች፤ ስኮትላንዳዊው ጂም ክላርክም በዚያው ውድድር አሸነፈባት። ኮስዎርዝ የሠራው ባለ 3 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተሯ 400 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት አለው። ክብደቷ ግን ከ500 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ያኔ አየር ወደ መንገዱ እንዲጫናት የሚያደርግ ክንፍ አልነበራትም። ከሾፌሩ ጋር አብሮ የሚያስብ ኮምፒውተርም የለም። በቀኝ እጅ የሚገባ ባለ 5 ማርሽ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፍሬን፣ ነዳጅ፤ በቃ ይኸው ነው።

አሁን አንድ ኩርባ አብረን እንግባ። ቀጥታው መንገድ አልቋል። ቀኝ እግራችሁ ፍሬኑን ይዟል፣ ግራው ፍሪሲዮን ረግጧል፣ እጃችሁ ማርሹን እየቀነሰ ነው። ፍሪሲዮኑን ከመልቀቃችሁ በፊት ግን ያው ፍሬን የያዘው ቀኝ እግር በጎኑ ነዳጁን ነካ ማድረግ አለበት። የሞተሩ ዙር ካልጨመረ፣ ፍሪሲዮኑ ሲለቀቅ የኋላ ጎማዎች ይያዙና መኪናዋ ትሽከረከራለች። ይህን አልፋችሁ ኩርባው መሃል ደረሳችሁ እንበል። ፍጥነቱ በዛብኝ ብላችሁ ነዳጁን ድንገት ብትለቁ፣ ክብደቷ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላዋ ይቀልላል፣ መንሸራተት ይጀምራል። ያን ጊዜ መሪው እጃችሁ ውስጥ ራሱ ወደ ተንሸራተተችበት አቅጣጫ መዞር ይጀምራል። ዓይን ሳያይ እጅ ያውቀዋል። ይህን ስሜት የሚሰጠው መሪው ውስጥ ያለው ሞተር ነው፤ ኮምፒውተሩ በጎማዎቹ ላይ ያለውን ጫና በየሰከንዱ መቶዎች ጊዜ እያሰላ ወደ እጃችሁ ይልከዋል።

ሾፌሮቻችን አሁን ራሳችሁን ስትነቀንቁ አያለሁ። ክብደት ወደ ፊት ሲሄድ ኋላ ምን እንደሚሆን ጭነት ይዞ ሐረጎን ለወረደ ሰው አይነገረውም። ማርሽ ቀንሶ፣ በሞተር ተይዞ መውረድንም ከእናንተ የተማርን ነን። ሎተስ 49 የምታስተምረው ይህንኑ ነው። አንዳችም ስሕተት አትሸፍንም፤ እግር ያጠፋውን ወዲያው እጅ ላይ ትናገራለች።

በመሃል ባሉት ዓመታት ብዙው ሥራ ከሾፌሩ ወደ መሐንዲሱ ተሻገረ። በ1968 ክንፍ መጣ። በ1989 ፌራሪ ማርሹ ከመሪው ጀርባ በጣት የሚቀየር መኪና አቀረበ፤ ናይጀል ማንሰልም ብራዚል ላይ በመጀመሪያ ውድድሩ አሸነፈበት። በ1992 ያው ማንሰል የመንገዱን ንዝረት የሚችለውን ሰስፔንሽኗን ኮምፒውተር በሚቆጣጠራት ዊሊያምስ በተባለች መኪና ሻምፒዮን ሆነ። 

የዘመኑ የምንለው ይህ መኪና ከ2022 እስከ 2025 በሠራው ደንብ የተሠራ ነው። ሞተሩ 1.6 ሊትር ብቻ፣ ባለ 6 ሲሊንደር ነው፤ አየር ወደ ሞተሩ አጭቆ በሚያስገባ ቱርቦና በኤሌክትሪክ ሞተር ታግዞ ወደ 1,000 የፈረስ ጉልበት ይደርሳል። ፍሬን ሲያዝ ይባክን የነበረውን ጉልበት ከፊሉን ወደ ባትሪ ይመልሳል። በ2022 ደንቡ የፈቀደው ዝቅተኛው ክብደት ያለ ነዳጅ፣ ከነሾፌሩ 798 ኪሎ ነበር።

ከሎተሷ ወርዶ እዚህ ላይ የሚቀመጥ ሰው እግሩን እንደገና ማስተማር አለበት። ይህን መኪና መንገዱ ላይ የሚይዘው ክብደቱ ብቻ አይደለም፤ አየር ከላይ ይጫነዋል፣ ከሥር ይስበዋል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የአየሩ ጫና አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ በ300 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይል ትረግጣላችሁ፤ ፍጥነቱ ሲወርድ ጫናውም አብሮ ስለሚወርድ እግራችሁን ቀስ በቀስ ታነሳላችሁ። እዚህ ያለው የፍሬን ፔዳል የሚለካው ምን ያህል እንደወረደ ሳይሆን በምን ያህል ጉልበት እንደተረገጠ ነው። በእውነተኛው መኪና ይህ ጉልበት ከ100 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በእኛ ላይ ቀንሰነዋል።

ፍሬን ካነሳን አይቀር፣ ሾፌሮችን የሚያስገርም ነገር ልንገራችሁ። ሐረጎ ላይ ፍሬን ሲግል እንፈራለን፤ የፎርሙላ ዋን መኪናዎች የካርቦን ፍሬን ግን ካልጋለ በደንብ አይዝም። በውድድር መሃል እስከ 1,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊደርስ ይችላል። ተማሪዎች ምክንያቱን አጥንታችሁ ለሾፌሮቹ የምታስረዱበት ቀን ይኖረናል።

ሌላው ነገር ለደሴ ሰው ደስ ይለዋል ብዬ አስባለሁ። ፎርሙላ ዋን ከሚካሄድባቸው ቦታዎች ከፍተኛው ሜክሲኮ ሲቲ ሲሆን፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ትበልጠዋለች። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ አንድ አምስተኛ ያህል ስለሚሳሳ፣ ቡድኖቹ ትልቁን ክንፍ ቢገጥሙም መኪናው በቂ ጫና አያገኝም፣ ፍሬንና ሞተርም ለማቀዝቀዝ ያስቸግራሉ። ቱርቦው ፈጥኖ እየዞረ የሞተሩን ጉልበት ያካክሳል። ቱርቦ የሌላቸው እነ ሎተስ 49 ግን እዚያ ይደክማሉ፤ ቢሆንም በ1967 ሜክሲኮ ላይም ያሸነፈው ክላርክ ነበር። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የመጀመሪያ የቤት ሥራ ይህ ነው፦ አንዱን የዘመኑን መኪና ዛንድቮርት ባሕር ዳርቻ ላይ ንዱት፣ ቀጥሎ ሜክሲኮ ውሰዱት። ፕሮግራሙ ፍጥነቱን፣ የእግራችሁን ጫናና የመሪውን መዞር ይመዘግባል። ሁለቱን ግራፍ ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ አየር ምን እንደሚሠራ አሳዩኝ።

አሁን ከልቤ የምለውን ስሙኝ። ይህ ወንበር የማይሰጣችሁ ነገር አለ። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ከክብደቱ አምስት እጥፍ በሚደርስ ኃይል ወደ ፊት ይገፋል፤ እዚህ አንገታችሁን የሚነካው የለም። እዚህ ብትጋጩ አንድ ቁልፍ ተጭናችሁ ትነሳላችሁ። በዚያ ዘመን ግን የሎተሷ ቤንዚን ከሾፌሩ ግራና ቀኝ ነበር የሚቀመጠው፤ ቀበቶ ማሰርም ግዴታ አልነበረም። በ1966 ቤልጅየም ስፓ ላይ ተወዳዳሪው ጃኪ ስቱዋርት በዝናብ ከመንገድ ወጥቶ ተጋጭቶ፣ መሪው እግሩን ይዞት፣ ቤንዚን እየፈሰሰበት ቀረ። ያወጡት ሌሎች ሁለት ተወዳዳሪዎች ናቸው፤ መፍቻውንም ከተመልካች ተበድረው። ክላርክ ራሱ በ1968 ሆከንሃይም ላይ ከፎርሙላ ዋን ዝቅ በሚለው በፎርሙላ ቱ ውድድር ሞተ። ስቱዋርት ከዚያ በኋላ ስለ ደህንነት ሲከራከር ብዙዎች ፈሪ አሉት፤ እሱ ግን አላቆመም፣ ሦስት ጊዜም ሻምፒዮን ሆነ። በ2020 ባሕሬን ላይ የሮማን ግሮዣን መኪና የብረቱን አጥር ሰብሮ ለሁለት ሲከፈልና ሲነድ፣ ሰውየው በራሱ እግር ወጣ። ከ2018 ጀምሮ ግዴታ የሆነው ከሾፌሩ ጭንቅላት በላይ የታጠፈው ሄሎ የተባለው ብረት ባይኖር አይወጣም ነበር። ልጆች፣ አሮጌዋን መኪና ስትነዱ ይህንንም እያወቃችሁ ንዱ። ከእኛ መንገድ ላይ በየጊዜው የምንቀብረውን ሰው ሁላችንም እናውቃለን፤ መጋጨት እዚህ ክፍል ውስጥ መሳቂያ እንዲሆን አልፈቅድም።

ስለ አሠራሩ ይህን ወስነናል። ማርሽና ፍሬን የሚያግዙ የኮምፒውተር ድጋፎች በሙሉ ይጠፋሉ። ጀማሪ ሁሉ በሎተስ 49 ዛንድቮርት ላይ ይጀምራል፤ ሳይሽከረከር አሥር ዙር በተከታታይ የጨረሰ ወደ ዘመኑ መኪና ያልፋል። ፈጣን ዙር ለዚህ አይቆጠርም። ከእያንዳንዱ ጀማሪ አጠገብ አንድ የቆየ ሾፌር እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ፤ ስለዚህ እናንተ ጋሼዎች፣ ስማችሁን በር ላይ ካለው ልጅ ዘንድ ሳታስመዘግቡ አትሂዱ። የፈተና ሰሞን ተማሪ አይገባም።

ዛሬ ቀድመው የሚቀመጡት ሾፌሮቹ ናቸው። ወንበሩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጫማችሁ ወፍራም ከሆነ አውልቁት። አመሰግናለሁ።