«ምንም አልሆንኩም» አትበሉ

እንደምን አመሻችሁ። የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ በተለይ ብስክሌታችሁን በር ላይ አስራችሁ የገባችሁ የዴሊቨሪ ልጆች፣ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ይህ ሰዓት ትዕዛዝ የሚበዛበት ሰዓት እንደሆነ አውቃለሁ። እንጀራችሁን ትታችሁ ነው የመጣችሁት።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። አስተርጓሚ ነኝ። በሐኪም ቤትና በጠበቃ ቢሮ ለወገኖቻችን አስተረጉማለሁ። ከዚያ በፊት ግን እንደናንተው እዚሁ ዋሽንግተን ዲሲ ብስክሌት ላይ ነበርኩ።

አንድ ምሽት በ14ኛው ስትሪት ወደ ዩ ስትሪት እየወጣሁ ነበር። ብርዱ ጣት ያደርቃል። ጀርባዬ ላይ ትኩስ ምግብ አለ። ጥግ ይዞ የቆመ ታክሲ የኋላ በሩ ድንገት ተከፈተ። ፍሬን ለመያዝ እንኳን ጊዜ አላገኘሁም። በሩን መታሁት፣ በግራ እጄ አስፋልቱ ላይ አረፍኩ። ወጡ በጃኬቴ ላይ ፈሰሰ። ተሳፋሪው ደንግጦ ቆመ። ሹፌሩ ሮጦ መጣና «ውይ ወንድሜ! ተጎዳህ እንዴ?» አለኝ። በአማርኛ። የኛው ሰው ነበር።

እኔስ ምን አልኩ? «ኧረ ምንም አልሆንኩም። አይዞህ።»

ተቃቅፈን ተለያየን። ታርጋውን አላየሁም። ስልኩን አልተቀበልኩም። ፖሊስ አልጠራሁም። ሌሊቱን እጄ አብጦ እንደ ዳቦ ሆነ። በማግስቱ አንጓዬ ተሰብሯል ተባልኩ። ቀዶ ሕክምና፣ ብረት፣ ከሁለት ወር በላይ ያለ ሥራ። የሆስፒታሉ ቢል በኔው ስም መጣ። የምጠይቀው ሰው አልነበረም፤ ማን እንደሆነ አላውቅማ!

ያን ቀን ዝም ያልኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ይሉኝታ ነው። ሁለተኛው «ወገኔን ከምከስ ይቅር» የሚለው ሐሳብ ነው። ሁለተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። እዚህ አገር መኪና የሚነዳ ሰው በየወሩ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ለዚሁ ነው። ጉዳት ሲደርስባችሁ በአብዛኛው የሚከፍለው እሱ ሳይሆን ኢንሹራንሱ ነው። ያ ሹፌር ስንት ዓመት ሲከፍልበት የኖረ ነገር ነበር። እኔ ግን ቤት ተቀምጬ ከጓደኞቼ ተበደርኩ። የተበደርኩትም ከሀበሻ ነው። ስለዚህ ወገኔን አላዳንኩትም። ዕዳውን ከኢንሹራንስ ላይ አንስቼ ወገኔ ላይ ጫንኩት።

አገር ቤት የለመድነው ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ባለመኪናው ራሱ ጥፋት ባይኖርበትም ማለት ነው። ከሕጉም በላይ ሽማግሌ አለ። ሽማግሌ ይላካል፣ ይታረቃል፣ ካሳ ይቆረጣል። ስለዚህ ብዙዎቻችን «መኪና ከገጨኝ ባለመኪናው ይከፍላል» ብለን ነው ያደግነው። እዚህ ግን እንደዚያ አይደለም። እዚህ የሚጠየቀው «ጥፋቱ የማን ነው?» ተብሎ ነው።

የዚህ አካባቢ ሕግ ደግሞ ከሌላው አሜሪካ ለየት ይላል፤ ጨካኝ ነው። አብዛኛው ስቴት ጥፋቱን ያካፍላል። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ግን አያካፍሉም። ለጉዳቱ ምክንያት ከሆነው ጥፋት አንድ በመቶው እንኳን የናንተ ከሆነ ባዶ እጃችሁን ልትቀሩ ትችላላችሁ። ሹፌሩ ዘጠና ዘጠኝ በመቶ አጥፍቶም ቢሆን። የሜሪላንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን አሮጌ ሕግ እንዲለውጥ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2013 ተጠይቆ ነበር። እምቢ አለ። ይህ ትክክል አይደለም ብዬ አምናለሁ። እስኪለወጥ ድረስ ግን አውቀነው መኖር አለብን።

ዲሲ ውስጥም እስከ 2016 ድረስ እንደዚሁ ነበር። በዚያ ዓመት የከተማው ምክር ቤት ለእግረኞችና ለብስክሌተኞች ሕጉን አሻሻለ። አሁን ዲሲ ውስጥ ጥፋታችሁ ከተከሳሾቹ ጥፋት ድምር ካልበለጠ መብታችሁ አይጠፋም። በ2020 ደግሞ ስኩተር የሚነዱትን ጨመሩበት።

እስቲ ጆርጂያ አቬኑን አስቡት። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ወደ ሰሜን ስትሄዱ ኢስተርን አቬኑን ስትሻገሩ ዲሲ አልቆ የሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ይጀምራል። ብስክሌታችሁ ያው ነው፣ መንገዱም ያው ነው። ማታ መብራት ሳታበሩ ስትሄዱ ሹፌር ስልኩን እያየ ገጫችሁ እንበል። ከኢስተርን አቬኑ ወዲህ ከሆነ ካሳ የማግኘት ዕድል አላችሁ። ጥቂት ሜትር ወዲያ ከሆነ ግን የኢንሹራንሱ ሰው «መብራት አልነበረህም» ብሎ ፋይሉን ሊዘጋው ይችላል። ስለዚህ መብራት ግዙ፣ ከፊትም ከኋላም። በርካሽ ይገኛል።

አሁን ወደ ሥራዬ ልመለስ። አስተርጓሚ ሆኜ ያየሁት ትልቁ ችግር የቋንቋ ነው። ከአደጋው በኋላ የሹፌሩ ኢንሹራንስ አድጀስተር፣ ማለትም ጉዳቱን የሚያጣራው የኢንሹራንሱ ሠራተኛ፣ ይደውላል። ድምፁ ለስላሳ ነው። «እንዴት ነህ? እየተሻለህ ነው? የሆነውን በአጭሩ ንገረኝ፣ እየቀዳሁ ነው» ይላል። የኛ ሰው ይመልሳል፦ «ድንገት ነው የመጣው፣ አላየሁትም።» በአማርኛ ይህን ስንል መኪናው ከየት መጣ ሳይባል ደረሰብኝ ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ሲገለበጥ ግን «እየተመለከትኩ አልነበረም» ወደሚለው ይጠጋል። ያቺ አንዲት ቃል ደግሞ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ በመቶ ለመሆን ትበቃለች። «ይቅርታ»ም እንደዚሁ ነው። እኛ ሰው ሲወድቅም ይቅርታ እንላለን፣ ሰው ሲያነጥስም ይማርህ እንላለን። ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን ጥፋቱን ያመነ ሰው ይመስላል። «ደህና ነኝ»ም የሰላምታ መልስ ነው፣ የሐኪም ምርመራ አይደለም። እነሱ ግን እንደ ምርመራ ይጽፉታል።

ለሹፌሩ ኢንሹራንስ ድምፃችሁን እያስቀዳችሁ ቃል የመስጠት ግዴታ የለባችሁም። «ጠበቃ አማክሬ እደውላለሁ» በሉና ዝጉ። ነውር አይደለም። ቼክ ልከው «እዚህ ጋ ፈርም» ካሏችሁም ቁሙ። ያ ወረቀት ብዙ ጊዜ ከዚህ በኋላ ምንም አልጠይቅም የሚል ነው። በአንድ ሺህ ዶላር የፈረመ ሰው ጉልበቱ በወሩ ኦፕራሲዮን ሲያስፈልገው አይቻለሁ። እኔው ነበርኩ ዜናውን ያስተረጎምኩለት። ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

አደጋው ቦታ ላይ 911 ደውሉ። የፖሊስ ሪፖርት ይጻፍ። ዲሲ ውስጥ በ2004 በወጣው ሕግ መሠረት ፖሊስን ጨምሮ የከተማው መሥሪያ ቤቶች አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው። አማርኛ ደግሞ ከተማው ሰነዶቹን ከሚተረጉምባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። ይህ ከዚህ በፊት የመጡ ወገኖቻችን የደከሙበት ውጤት ነው፤ ተጠቀሙበት። ታርጋውን፣ መኪናውን፣ ብስክሌቱን፣ የወደቃችሁበትን ቦታ ፎቶ አንሱ። ያየ ሰው ካለ ስልኩን ያዙ። ባያማችሁም በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ብስክሌቱን አትጠግኑት፣ ሄልሜቱንም አትጣሉት። ማስረጃ ናቸው።

የመኖሪያ ወረቀት የሌላችሁ ልጆች እዚህ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ስለዚህ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። ወረቀት ስለሌላችሁ ብቻ ካሳ የመጠየቅ መብታችሁ አይጠፋም። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ የሥራ ገቢ፣ ሕመምና ሥቃይ፣ የተሰበረው ብስክሌት፣ ሁሉም ይጠየቃል። ለቀረው ገቢ ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ከአፑ ላይ የሳምንቱን ገቢ ፎቶ እያነሳችሁ አስቀምጡ፣ ታክስም አሳውቁ። ያላሳወቃችሁትን ገቢ ማስረዳት በጣም ከባድ ነው።

የገጫችሁ ሰው ካመለጠስ? በስማችሁ ወይም በቤተሰባችሁ ስም የመኪና ኢንሹራንስ ካለ ፖሊሲውን አውጥታችሁ እዩ። ኢንሹራንስ በሌለው ወይም ባመለጠ ሹፌር ለሚደርስ ጉዳት የሚሆነው ሽፋን ብስክሌት ላይ ሳላችሁም ሊያገለግል ይችላል። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ ያልፈዋል።

ጊዜውንም ያዙ። ዲሲና ሜሪላንድ ውስጥ ለመክሰስ ሦስት ዓመት አላችሁ። ቨርጂኒያ ሁለት ዓመት ነው። የዲሲ መንግሥት መኪና ከሆነ የገጫችሁ ወይም የመንገድ ጉድጓድ ከሆነ የጣላችሁ ግን በስድስት ወር ውስጥ ለከተማው በጽሑፍ ማሳወቅ አለባችሁ። የጠበቃ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትቅሩ። በእንዲህ ያለ ጉዳይ ጠበቆች ብዙውን ጊዜ የሚከፈላቸው ካሳው ሲገኝ ነው፣ ሲሶ ገደማ ይወስዳሉ። ወጪውስ በማን ነው ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ጠይቁ።

እዚህ ያላችሁ የታክሲና የኡበር ሹፌሮችም፣ እባካችሁ። ተሳፋሪ ከማውረዳችሁ በፊት መስታወቱን እዩና «ቆይ፣ ብስክሌት እየመጣ ነው» በሉት። እንዲህ ያለ አንዲት ቃል ብትኖር ኖሮ እጄ ውስጥ ዛሬ ብረት ባልኖረ።

በሩ ጋ ካለው ጠረጴዛ ላይ በኪስ የምትያዝ ካርድ አስቀምጫለሁ። በአንድ በኩል ያልኳችሁ በአማርኛ ተጽፏል። በሌላው በኩል አንድ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በፊደላችን አለ። ከመውጣታችን በፊት አብረን እንበለው። የታመመ ሰው ማንበብ አይችልም፣ አፋችሁ ይልመደው። ከኔ ጋር በሉ፦ «አይ ኒድ ኤ ዶክተር፣ ኤንድ አይ ኒድ አን አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር።»

እንደገና።